ከቀለም በፊት ሞተር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ዛሬ የምናወራው ግቢ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ዓመታት ስላሳለፈች ቬስፓ ነው። ከአባት የቀረች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም «ውሰዳት፣ ቦታ ይዛብኛለች» ተብላ ከጎረቤት የተገኘች። እሷን በቤት ውስጥ፣ በተራ መፍቻና በትዕግሥት፣ እንዴት ወደ መንገድ እንደምንመልሳት እናያለን። ማስነሳት ነው ያልኩት፤ ማሳመር አላልኩም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ቀለም ቀቢ ዘንድ ነው። ቬስፓዋ እንደ ሙሽራ አጊጣ ትመለሳለች፤ ግን አትነሳም። ከዚያ ሞተሩ ይወርዳል፣ አዲሱ ቀለም በመፍቻ ይላጣል፣ ቤንዚን ይፈስበታል፣ ባለቤቱም ተናዶ ሸራዋን መልሶ ያለብሳታል። ቀለም መጨረሻ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ለምን ቬስፓን መረጥን? ፒያጆ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ፖንቴዴራ ከተማ ያለው ፋብሪካው በጦርነቱ በቦምብ ተደበደበ። ጦርነቱ ሲያበቃ ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽና ማንም ሊነዳት የምትችል መጓጓዣ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮን አዘዘው። ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው፤ ለሞተር ሳይክል ፍቅር አልነበረውም። ሰንሰለቱ ልብስ ያበላሻል፣ ጎማ ሲተነፍስ መፍታቱ መከራ ነው ባይ ነበር። እናም ሰንሰለቱን ጨርሶ አስቀረው። ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጎን አስቀመጠው፣ አካሏን በቱቦ ፋንታ ከላሜራ ሠራው፣ የፊት ጎማዋን ደግሞ ከአውሮፕላን በወሰደው ዘዴ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠላት። የፈጠራ ማመልከቻው የገባው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1946 ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛዋ ቬስፓ ከፋብሪካ ወጣች።

በአዲስ አበባም በአስመራም ጎዳና ስትታይ የኖረች ናት። ሌላ ዝምድናም አለን። ዛሬ ከድሬዳዋ እስከ ሐዋሳ ሰው የሚያመላልሰው ባለ ሦስት እግር ስሙን ያገኘው ከሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ነው፤ ያ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር። ፈቃዱ ሲያበቃ እ.ኤ.አ. በ1972 ቼታክ የምትባለውን የራሱን ስኩተር አወጣ፤ እሷም የቬስፓ ልጅ ናት። ዝምድናው ለእኛ ጥቅም አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቬስፓ ብዙ ዓይነት ስላላት ለዛሬ አንዷን እንያዝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1965 የተሠራችውን ባለ 150ዋን፣ ቪቢቢ የምትባለውን። ስሟ 150 ቢሆንም የሲሊንደሯ መጠን 145 ሲሲ ገደማ ነው። አራት ማርሽ፣ 8 ኢንች ጎማ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር። የእናንተ ሌላ ዓይነት ብትሆንም አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሊብሬውን አውጡ። በሞተሩ በኩል ያለው የጎን ሽፋን ሲነሳ ላሜራው ላይ የተመታ ቁጥር ታገኛላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቪቢቢዎች ላይ የሻንሲው ቁጥር ቪቢቢ1ቲ ብሎ፣ የሞተሩ ደግሞ ቪቢቢ1ኤም ብሎ ይጀምራል። ሁለቱ ካልተዛመዱ ሞተሩ በአንድ ወቅት ተቀይሯል ማለት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ግን ዕቃ ስትገዙ ለየትኛው እንደምትገዙ ማወቅ አለባችሁ። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ግን ገንዘብ ከማውጣት በፊት የወረቀቱን ነገር ጨርሱ። ስትጨርሱ ታርጋ የማታገኝ ቬስፓ የሳሎን ጌጥ ብቻ ትሆናለች።

ቀጥሎ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አካሏን ዳስሱ። ማግኔቱ የሚይዝበት ላሜራ ነው፤ የሚንሸራተትበት ስቱኮ ነው። በተለይ እግር የሚያርፍበትን ወለል ከሥር እዩ። ቬስፓ ከላሜራው የተለየ የብረት አጽም የላትም፤ ላሜራው ራሱ አጽሟ ነው። ወለሉ በዝገት ከተበላ መጠገን ያለበት ለውበት ብሎ አይደለም፣ ሰው ስለሚሸከም ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሞተሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና እንዳያት መርገጫውን በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። ዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተያይዘው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በጉልበት መርገጥ ቀለበት ይሰብራል፣ የመርገጫውን ጥርስ ይበላል። ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምሩ፤ ለመኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነው ቀይ ዘይት ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ ጥሩ ይሠራል። ተዉት። ቀን ይለፍበት፤ የተያያዘ ከሆነ ቀናት ይለፉበት። ከዚያ ማርሽ አስገቡና ቬስፓዋን በእጃችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ወዝውዟት። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ስለሚሆን ጉልበቱ በእናንተ ቁጥጥር ነው። እንቢ ካለ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ጊዜ።

ሲዞር ደስ ይላል። ግን አሁንም ቤንዚን አትጨምሩ፤ መጀመሪያ ብልጭታ ፈልጉ። ካንዴላውን ገመዱ ላይ አድርጋችሁ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስደግፉት፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት፣ ከዚያ የሚወጣ ትነት በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላል። ጥላ ቦታ ሆናችሁ መርገጫውን ምቱ። ሰማያዊና የሚንጣጣ ብልጭታ ከታየ እሰየው። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቮላኖው ሥር ያለው ኮንታክት ነው፤ ዝም ብሎ ሲቆም ፊቱ ይሻግታል። በቮላኖው መስኮት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ በንጹሕ ወረቀት ጥረጉት፣ ክፍተቱንም በመለኪያ ቅጠል ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር መካከል አድርጉት። የካንዴላው ክፍተት 0.6 ይሁን። ካንዴላ ስትገዙ ጥርሱ አጭር የሆነውን ምረጡ፤ ረጅሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ብልጭታው ካልጠነከረ ኮንደንሰሩን ቀይሩ፤ በዕድሜ ብቻ የሚሞት ዕቃ ነው። ለዚያ ቮላኖው መውረድ ካለበት የራሱን ማውጫ ፈልጉ። በመዶሻ የሚወርድ ቮላኖ ይሰነጠቃል፣ ማግኔቱም ይደክማል።

ቤንዚኑን እንግዲህ። ታንኩ ውስጥ የቀረ አሮጌ ቤንዚን ካለ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቅዱት። እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል ግቢው ውስጥ ካለ ሥራው ይቆይ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ያለበት ድረስ ይደርሳል።

የታንኩ ውስጥ ከዛገ የሎሚ አሲድ በሞቀ ውኃ አሟሙታችሁ ሙሉት፣ ጥቂት ብሎን ወይም አጭር ሰንሰለት ጨምራችሁ ወዝውዙ፣ ይደር። ከዚያ አሲዱን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውኃ አጥቡት፣ ወዲያው በሙቅ አየር አድርቁት፣ ዘይትም ለውሱት፤ እርጥብ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ብሎኖቹን ስታስገቡ ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁም አውጡ። የቤንዚን ቱቦዋን ሳታመነቱ በአዲስ ተኩ። ካርቡራተሩ ሲፈታ ውስጡ ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ይዞ ታገኙታላችሁ፤ የደረቀ ቤንዚን ነው። ደቃቃ ቀዳዳዎቹን በብረት ሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳው የተለካ ነው፣ ጥቂት ቢሰፋ ልኩ ይጠፋል። በማጽጃና በአየር ግፊት ይከፈታል፣ ካልሆነ በናይለን ክር።

የቬስፓ ቤንዚን ዘይት የተቀላቀለበት ነው። የቪቢቢ ልክ ሁለት በመቶ ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት። ከእሷ በፊት ከነበሩት አሮጌዎቹ ብዙዎቹ አምስት በመቶ ይጠይቁ ነበርና የእናንተን ዓይነት አረጋግጡ። አንዳንዱ «ለጥንቃቄ» ብሎ ዘይቱን ያበዛዋል። እኔ አልስማማም፤ ትርፉ ካንዴላ ማጥቆርና ማርሚታ መድፈን ነው።

ዘይቱ ለምን ከቤንዚኑ ጋር እንደሚሄድ የገባው ሰው የባለ ሁለት ምት ሞተርን ግማሽ በሽታ ያወቀ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ባለ አራት ምት ሞተር ከሥሩ የዘይት ቋት አለው። ባለ ሁለት ምት የለውም። የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ መጀመሪያ የሚገባው ከፒስተኑ በታች፣ ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ክፍል ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ያንን ድብልቅ ይጨምቀውና በጎን በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። ድብልቁ በዚያ ሲያልፍ የያዘው ዘይት ኩሽኔታውንና ቢየላውን ያለሰልሳል። ስለዚህ የታችኛው ክፍል እንደ ላይኛው ሁሉ አየር ማሳለፍ የለበትም። ይህንን የሚጠብቁት ክራንክ ሻፍቱ በግራና በቀኝ የሚወጣበት ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች ናቸው፤ ኦይል ሲል የሚባሉት። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ እነዚህ ጎማዎች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

የትኛው እንደተበላሸ ሞተሩ ራሱ ይናገራል። በቮላኖው በኩል ያለው ከሄደ ትርፍ አየር ይስባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ነዳጅ ሳትሰጡት በራሱ ይጮኻል፣ ሚኒሞ አልይዝ ይላል። ይህን ዝም ብላችሁ ከነዳችሁት ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ይነክሳል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከሄደ ደግሞ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ይበዛል፣ አይቆምም፣ የካምቢዮው ዘይት ደረጃም ይወርዳል። በካምቢዮው ውስጥ መኖር ያለበት ሩብ ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ቶሎ ይታወቃል። ሚኒሞ ያልያዘ ቬስፓ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ካርቡራተሩ ላይ ሲፈርዱ አያለሁ፤ ካርቡራተሩ ንጹሕ ከሆነ ግን ተጠርጣሪው በቮላኖው በኩል ያለው ጎማ ነው። ጎማዎቹ በዋጋ ርካሽ ናቸው፤ አድካሚው እዚያ መድረሱ ነው። በቮላኖው በኩል ያለው በአንዳንድ ሞዴል ከውጭ ይቀየራል፤ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ግን ሞተሩ ለሁለት እንዲከፈል ይጠይቃል።

ሞተሩን መክፈል ግድ ከሆነ ሌላም የምታዩት አለ። ቪቢቢ ላይ ድብልቁ የሚገባበትን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ነው፤ ክብ ጎኑ ለስላሳ የአሉሚኒየም ፊት ላይ እጅግ ተጠግቶ ይዞራል። አንድ የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከገባ ፊቱን ይቧጥጠዋል፤ ተቧጥጦ ማሸግ ያቃተው የሞተር ቤት ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ ካርቡራተሩ ሲወርድ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ፤ ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊትም ውጩን በናፍጣና በብሩሽ አጥባችሁ ጨርሱ። በዚያው ካምቢዮው ውስጥ ያለውን መስቀል መሰል ማርሽ መራጭ እዩ፤ ጫፎቹ ከተጠጋጉ ማርሽ እየዘለለ የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ካልታዩ ግን ሞተሩን አትክፈቱ። ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ከሆነ፣ ሚኒሞ ከያዘ፣ ጭሱ ከጊዜ በኋላ ከቀነሰ፣ ባለበት ተዉት። መክፈት ስለሚያምር ብቻ የተከፈተ ሞተር ስንት ጊዜ በካርቶን ውስጥ እንደቀረ እናውቃለን።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ዕቃ ከየት ይገኛል ለሚለው፤ በሶማሌ ተራ ከመዞር በተጨማሪ የቼታክ ዕቃ ጠይቁ፤ ኬብል፣ ጎማ ነክና የመብራት ዕቃ ላይ ብዙ የሚገጥም ታገኛላችሁ። ግን ሁልጊዜ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ። የዛሬው ባለ አራት ምት ባጃጅ የሞተር ዕቃ ግን ለእናንተ አይሆንም። ጣሊያን ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ለእነዚህ ሞዴሎች አዲስ የሚሠራ ዕቃ አሁንም ይሸጣል፤ ኦይል ሲልና ጋስኬት ደግሞ ሻንጣ አያጣብብም።

ጎማው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ነው፤ በዳዶ የተያያዘ። ቸርኬውን ከእምብርቱ ጋር የሚያይዙ ዳዶዎች አሉ፣ ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ የሚያይዙም አሉ። ጎማው እንደተነፋ የኋለኞቹን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። መጀመሪያ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፤ ከዚያ መፍቻ። የባጃጅ ጎማ የሚሠራ ጎሚስታ ይህን ዓይነት ቸርኬ በደንብ ያውቀዋል። የባጃጅ ጎማ በዲያሜትር ያው 8 ኢንች ነው፤ ግን ወርዱ 4 ኢንች ሲሆን የቬስፓው ሦስት ተኩል ነው፤ እንዳይታሽ ሳታረጋግጡ አትግጠሙ። ጎማው መልኩ ደህና ቢመስልም የተሠራበትን ጊዜ እዩ፤ ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሯችኋል። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፍሬኑ ሲከፈት ደግሞ አቧራውን በአፍ ወይም በአየር አትንፉ፤ የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም ጣሉት። ኬብሎቹን ሁሉ ደግሞ በአንዴ ቀይሩ፤ ማርሹ ብቻውን ሁለት ኬብል አለው፣ አንዱ መንገድ ላይ ሲበጠስ ሌላው ብቻውን አይጠቅምም።

የመጀመሪያው ማስነሳት ደጅ ይሁን፤ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ወፍራም ጭስ አያስደንግጣችሁ፤ የጨመራችሁት ዘይትና ናፍጣ ነው እየተቃጠለ ያለው። ሞተሩ ሳይታዘዝ ፍጥነቱ እየጨመረ ከሄደ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሬን ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ አጥፉት፤ ምክንያቱ ያልኳችሁ አየር የሚያሳልፍ ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል።

አሁን አገራችንን የሚመለከት ነገር። ካርቡራተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለካው ለባሕር ወለል ቅርብ ለሆነ አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቤንዚኑ እንደ ፋብሪካው ልክ ከመጣ ለአየሩ ይበዛል፤ ቬስፓዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች፣ ካንዴላዋ በጥላሸት ይጠቁራል፣ ባለቤቷም «ሞተሩ ደክሟል» ይላል። ሞተሩ አልደከመም። ዋናዋን የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ጠበብ ባለችው መተካት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ነድቶ ካንዴላውን ማየት። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ሞተሩ ከፋብሪካው ጉልበት ያነሰ መስጠቱ ግን አይቀርም፤ የከፍታው ዕዳ ነው። ደግሞም አስታውሱ፤ በዚህ ልክ ያስተካከላችኋትን ቬስፓ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይዛችሁ ከወረዳችሁ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ቆላ ስትወርዱ ሰፊዋን መልሱላት።

ቁልቁለትም የራሱ ጣጣ አለው። ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና፣ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስትወርዱ ነዳጁን ዘግታችሁ ሞተሩን ብቻ ለፍሬን ከተጠቀማችሁ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ያለ ዘይት ይቀራል። በየጊዜው ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ትንሽ ነዳጅ ስጡት።

ቀለሙስ? ጥቂት ወራት ንዷት። የሚያፈሰው ይታወቅ፣ የሚላላው ይጥበቅ። በዚህ መሃል አሮጌውን ቀለም በለስላሳ ማጽጃና በሰም አሽታችሁ እዩት፤ ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም ብቅ ካለ እኔ ብሆን አልነካውም። የፋብሪካ ቀለም አንዴ ከተፋቀ ወዲያ የሚመልሰው ቀቢ የለም። ቀለሙ በእርግጥ ካለቀለት ደግሞ ላሜራውን ስለ መጠገንና ስለ ቀለም ዝግጅት በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንመለስበታለን። ለዛሬ እዚህ ላይ አበቃን፤ ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)